የኋላ ሞዞ ሲቀየር የቀድሞዎቹ ሽቦዎች ያገለግላሉ ወይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የብስክሌቴ የኋላ ሞዞ፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚነሡበት የጎማው መሀለኛ ክፍል፣ ውስጡ ተበልቷል። ኩሽኔታዎቹ የሚሽከረከሩበት ጎድጓዳ ስፍራ ስለተቦረቦረ፣ ግሪሱን ቀይሬና ፔርኖውን (የመሀሉን ዘንግ) አስተካክዬ እንኳ ጎማው ሲዞር መንገጫገጩ በእጅ ይሰማል። ቸርኬው ግን ቀጥ ያለና ስንጥቅ የሌለው፣ ፍሬን የሚይዝበት ጎኑም ገና ያልሳሳ በመሆኑ ልጥለው አልፈለግሁም። ስለዚህ እንደ ቸርኬው 32 ቀዳዳ ያለው አዲስ ሞዞ ገዛሁ፤ በፔርኖው ላይ ከዳዶ እስከ ዳዶ ያለው ስፋቱም እንደ ቀድሞው 135 ሚሊ ሜትር ነው። ያሳሰበኝ የፍላንጁ፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ክብ ጠርዝ መጠን ነው፤ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በአሮጌው 45፣ በአዲሱ ደግሞ 58 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። የቀድሞዎቹን ሽቦዎች መልሼ ልጠቀምባቸው እችላለሁ? ካልሆነስ የአዲሶቹን ርዝመት እንዴት ልወቅ? ጎማ ማቃኛ ማቆሚያም የለኝም።

መልስ 1

ስለ ርዝመቱ ሌሎች እስኪመልሱልዎ ድረስ፣ አሮጌውን ጎማ ገና ካልፈቱት ፒኞኑን (ካቴናው የሚያርፍባቸውን የኋላ ጥርሶች) አስቀድመው ያውልቁ። ፒኞኑን ለማላቀቅ ጎማውን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሽቦዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ሞዞው ብቻውን ስለሚቀር የሚይዙት ነገር አይኖርም። ሽቦዎቹንም አንድ ባንድ እስከ መጨረሻው አይፍቱ፤ ሁሉንም በግማሽ ዙር እያላሉ ደጋግመው ይዙሩ። አንዱ ጎን ላልቶ ሌላው ተወጥሮ ከቆየ ደኅና የነበረው ቸርኬ ሊጣመም ይችላል። ከመፍታትዎ በፊት የሽቦዎቹን አስተላለፍ ከሁለቱም ጎን ፎቶ ያንሱ።

መልስ 2

ፍላንጁ ሲሰፋ ሽቦው ከቸርኬው ጋር ያለው ርቀት ስለሚያጥር፣ የቀድሞዎቹ ሽቦዎች ይረዝሙብዎታል። ረዥም ሽቦ ጫፉ ከሽቦው ዳዶ (ሽቦውን በቸርኬው ላይ ከሚያጠብቀው ትንሽ ዳዶ) አልፎ ወደ ካላማዳሪያው ይወጣል፤ ከዚያም በላይ በሽቦው ጫፍ ያለው የጥርሱ (የመጠምዘዣው) ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሽቦው በቂ ውጥረት ሳያገኝ ጥርሱ አልቆ ዳዶው ይቆማል። ስለዚህ በግምት ከመግዛት ይልቅ ማስላት ይሻላል።

በመጀመሪያ የቸርኬውን የሥራ ዲያሜትር ይለኩ። ይህ የቸርኬው የውጭ ስፋት አይደለም፤ የሽቦው ጫፍ ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ፣ ማለትም በዳዶው ራስ ላይ ካለው የካቻቢቴ ስንጥቅ ሥር፣ እስከ ተቃራኒው ዳዶ ተመሳሳይ ቦታ ያለው ርቀት ነው። ርዝመታቸውን አስቀድመው የለኩዋቸውን ሁለት አሮጌ ሽቦዎች ፊት ለፊት በሚተያዩ የቸርኬ ቀዳዳዎች ውስጥ ከነዳዷቸው ያስገቡ፤ ጫፋቸው ከስንጥቁ ሥር እስኪደርስ ያጥብቁ፤ ወደ መሀል ጎትተው በሁለቱ ክርኖች (ሽቦው በራሱ በኩል በሚታጠፍበት ስፍራ) መካከል የቀረውን ክፍተት ይለኩና የሁለቱን ሽቦዎች ርዝመት ይደምሩበት። ቸርኬ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በተለያየ ቦታ ደግመው ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ፍላንጅ ከሞዞው መሀል ምን ያህል እንደሚርቅ ይወቁ። ከፔርኖው ዳዶ ውጫዊ ፊት እስከ ፍላንጁ ያለውን ለክተው ከ135 ግማሽ፣ ከ67.5 ይቀንሱ። የኋላ ሞዞ በካቴናው በኩል ለፒኞኑ ቦታ ስለሚተው ሁለቱ ጎኖች እኩል አይሆኑም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የቸርኬውን ራዲየስ ካሬ፣ የፍላንጁን ራዲየስ ካሬ እና የፍላንጁን ከመሀል መራቅ ካሬ ይደምሩ። ከድምሩ ላይ፣ የቸርኬው ራዲየስ በፍላንጁ ራዲየስ፣ ከዚያም በ2 እና በማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝቶ የሚሰጠውን ይቀንሱ። የቀረውን ካሬ ሩት አውጥተው በመጨረሻ የፍላንጁን ቀዳዳ ግማሽ ስፋት፣ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ይቀንሱለት። ማዕዘኑ የሚገኘው 360ን በአንድ ጎን ባሉት ሽቦዎች ቁጥር አካፍሎ አንዱ ሽቦ ሌሎቹን በሚያቋርጥበት ቁጥር በማባዛት ነው። በ32 ሽቦና በሦስት ማቋረጥ 67.5 ዲግሪ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከላይ ካለው የሞዞው ግማሽ ስፋት ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ስለሆነ እንዳያምታታዎ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ስለ ዝርዝር ማብራሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። የቸርኬው የሥራ ዲያሜትር 602 ሆነ። የአዲሱ ሞዞ ፍላንጆች በግራ 35፣ በካቴናው በኩል 20.5 ሚሊ ሜትር ከመሀል ይርቃሉ። በስሌቱ መሠረት ለግራ 291.9፣ ለቀኝ 290.6 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። አሮጌዎቹን ሽቦዎች ስለካ ደግሞ የግራዎቹ 294፣ የቀኞቹ 292 ናቸው። እንግዲህ የቀድሞዎቹ 16 የቀኝ ሽቦዎች ለአዲሱ ግራ ጎን ልክ መጡ ማለት ነው። እነሱን ወደ ግራ አዛውሬ፣ ለቀኝ ብቻ አዲስ ብገዛ ምን ይመስላችኋል?

መልስ 3

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሐሳቡን ግን አልደግፈውም። የኋላ ጎማ የቀኝ ሽቦዎች ከሁሉም ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው፤ ሽቦ ሲበጠስም ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በዚሁ ጎን፣ ያውም ከፍላንጁ በሚወጣበት ክርኑ ላይ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሽቦ ወደ መሬት ሲደርስ ጥቂት ይላላል፣ ሲያልፍ ይወጠራል፤ ይህ ድካም በዓይን ሳይታይ በክርኑ ላይ ይጠራቀማል። ደግሞም ክርኑ በአሮጌው ፍላንጅ ልክ ታጥፎ ቅርጽ ይዟል። አንዱን ሽቦ አውጥተው በብርሃን ቢመለከቱት ክርኑ ላይ የፍላንጁ ቀዳዳ ጠርዝ የጨቆነበትን ጭረት ያያሉ፤ በአዲሱ ሞዞ ይህ ጭረት በቀድሞው ቦታው ላይ አያርፍም። ጎማውን በሙሉ ለመሥራት ከተነሡ 32ቱንም አዲስ ያድርጓቸው፤ ዳዶዎቹንም እንደዚሁ።

መልስ 2 (ድጋሚ)

የተባለውን እደግፋለሁ። አንድ ልዩነት ብቻ ልጨምር፦ አዲሱ ሞዞ በፍላንጁም በስፋቱም ከአሮጌው ጋር ፍጹም አንድ ቢሆን፣ ሽቦዎቹም ብዙ ያላገለገሉና በጎማው ዘመን አንድም ያልተበጠሰባቸው ቢሆኑ፣ እያንዳንዱን በነበረበት ጎንና አቅጣጫ መልሶ መጠቀም ይቻል ነበር። የእርስዎ ሁኔታ ይህ አይደለም። ለግራ 292፣ ለቀኝ 290 ይግዙ፤ 290 ካጡ 291 ያገለግላል።

መልስ 4

ስለ አደራረጉ እኔ ልመልስ። የሽቦዎቹን ጥርስና የቸርኬውን ቀዳዳዎች በጥቂት ዘይት ያርጥቡ። ስምንት የቀኝ ሽቦዎችን በቀኙ ፍላንጅ አንድ ቀዳዳ እየዘለሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ራሳቸው ከውጭ ይታያል። የቸርኬው ቀዳዳዎች በተራ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላሉ። የመጀመሪያው ሽቦ ከአየር መሙያው ቀዳዳ ቀጥሎ ባለው፣ ወደ ቀኝ በሚያዘነብለው ቀዳዳ ይገባል፤ ሌሎቹ በየአራተኛው ቀዳዳ ይከተላሉ። ከዚያ ስምንት የግራ ሽቦዎችን በተመሳሳይ ሁኔታ ያስገቡና እያንዳንዱን ከቀኙ ሽቦ አጠገብ ባለው የቸርኬ ቀዳዳ ይሰኩት። የሁለቱ ፍላንጆች ቀዳዳዎች ፊት ለፊት እንደማይገጥሙ፣ በግማሽ ርቀት እንደሚሸሹ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

16ቱ ከገቡ በኋላ ቸርኬውን ይዘው ሞዞውን ያዙሩት። አየር መሙያው በሚቀራረቡ ሽቦዎች መካከል ሳይሆን ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች መካከል እንዲወድቅ ሆኖ ከዞረ አቅጣጫው ትክክል ነው። የቀሩት 16 ሽቦዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ጎን ካሉት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽቦዎች በውጭ ያልፍና በሦስተኛው ውስጥ ተሸልኮ ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ሲሸልኩት ሽቦው ጥቂት መለመጡ የተለመደ ነው።

መልስ 5

ማቃኛ ማቆሚያ ባይኖርም የራስዎ ብስክሌት ይበቃል። ገልብጠው ያቁሙትና ጎማውን በቴላዮው ላይ ያስገቡ፤ ከቸርኬው አጠገብ እርሳስ በቴፕ አስረው እንደ ጠቋሚ ይጠቀሙበት።

ሁሉንም ዳዶዎች ጥርሱ ከዳዶው ሥር እስኪሰወር እኩል አጥብቀው ይጀምሩ። ከዚያ በየዙሩ ከግማሽ ዙር ያልበለጠ እያጠበቁ ይሂዱ፤ የተለመደው የ2 ሚሊ ሜትር ሽቦ አንድ ሙሉ ዙር 0.45 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጎትት ትንሹ ብዙ ይሠራል። ቸርኬው ወደ ቀኝ ከወጣ በዚያ ቦታ የግራውን በሩብ ዙር ያጥብቁ፣ የቀኙን በዚያው ልክ ያላሉ። ወደ ውጭ ያበጠ ቦታ ካለ የሁለቱንም ጎን ሽቦዎች በእኩል ያጥብቁ። መሀሉን ለመፈተሽ ጎማውን አውጥተው፣ ግራና ቀኙን አዟዙረው መልሰው ያስገቡት፤ ከጠቋሚው እስከ ቸርኬው ያለው ክፍተት በሁለቱም ጊዜ አንድ ከሆነ ቸርኬው መሀል ላይ ነው። ይህ ዘዴ ቴላዮው ራሱ ቢጣመም እንኳ አያሳስትም።

ጎማው ቀጥ አለ ማለት ግን ተሠርቶ አለቀ ማለት አይደለም፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ለውጥረቱ እኩልነት ነው። ሽቦዎቹን በጣትዎ እየነኩ ድምፃቸውን ያዳምጡ፤ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። የካቴናው ጎን የቸርኬው ሠሪ ከፈቀደው ወሰን ሳያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ኃይል ይወጠራል። በእርስዎ ሞዞ ግራው የዚህን 60 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ድምፁ ቢወፍር አይደንግጡ። በመጨረሻ ጓንት አድርገው ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው በኃይል ይጨብጡ፤ ክርናቸው በፍላንጁ ላይ ይደላደላል፣ የተጠማዘዙትም ይፈታሉ። ከዚህ በኋላ ቸርኬው ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ እንደገና ያቃኑት።

የጠያቂው የመጨረሻ ጥያቄ

ግራው ያን ያህል ላላ ካለ ዳዶዎቹ በጉዞ ላይ ራሳቸው አይፈቱም?

መልስ 3

ሊፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ በግራው ጎን በተራ ዘይት ፈንታ የተልባ ዘይት በጥርሱ ላይ ይቀቡ፤ ሲያጠብቁ ያለሰልሳል፣ ሲደርቅ ግን ጥርሱን ይይዛል፤ በኋላ ላይ በኪያቤ ማስተካከል ቢፈልጉም አያግድዎትም። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ የሁለቱንም ጎን ድምፅ እንደገና ያዳምጡና የላላ ካገኙ በሩብ ዙር ይመልሱት።