ማስመሪያና ሙንጭርጭር በአንድ ወረቀት ላይ አልስማማ አሉኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አብስትራክት ንድፍ ነው የምሠራው (ሰው ወይ ዛፍ ሳይሆን ቅርጽና መስመር ብቻ)፤ በእርሳስና በከሰል። መጀመሪያ በማስመሪያና በኮምፓስ ካሬዎችና ክቦች አወጣለሁ። ከዚያ እጄን ለቀቅ አድርጌ በከሰል እሞነጭርበታለሁ። ለየብቻቸው ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ያለቀለት ሥራ ላይ ሕፃን የጫረበት ይመስላል። አንዱን ምረጪ የሚለኝ ሰው በዝቷል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አሮጌ እርሳስ፦
አንዱንም አትጣይ። እኔ የምጠረጥረው ቅደም ተከተሉን ነው። ቅርጾቹን ጨርሰሽ ስለምትነሺ ለእጅሽ የሚቀርለት ማስጌጥ ብቻ ነው። ገልብጪው። መጀመሪያ ቆመሽ፣ ከትከሻሽ ሞንጭሪ። (ከእጅ አንጓ ብቻ የሚወጣ መስመር ሁሌ ያው ትንሽ ቅስት ነው፤ ቶሎ ይሰለቻል።) ከዚያ ራቅ ብለሽ ተመልከቺው። መስመር የተጠላለፈበት፣ የጠቆረበት፣ ባዶ የቀረበት ቦታ አለ። ማስመሪያውን እዚያ አስገቢው። አንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ አስምሪና ከጠርዙ ወዲህ ያለውን ከሰል በላጲስ አንሺው። ካሬው ያኔ ከሙንጭርጭሩ ውስጥ ይወጣል እንጂ ከላይ አይለጠፍም። ላጲስ ከሰልን ሙልጭ አድርጎ አያጠፋም፤ ግራጫ ጥላ ይተዋል። ጥላውን ተይው፤ ሁለቱን የሚያስታርቃቸው እሱ ነው።

ጥቁር በነጭ፦
ለመሆኑ ነፃ እጅ ማለት ሳያስቡ መወርወር ነው ያለው ማነው? የአሜሪካዊው ሠዓሊ የፍራንዝ ክላይን ግዙፍ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በአንድ ትንፋሽ የተሠሩ ይመስላሉ። ብዙዎቹ ግን አስቀድመው በትንሽ ወረቀት፣ አንዳንዴም በስልክ ማውጫ ገጽ ላይ የተነደፉ ናቸው። ነጩም ዝም ብሎ የቀረ ሸራ አይደለም፤ በጥቁሩ ላይ የተቀባበት ቦታ አለ። ሠዓሊው ሃንስ ሃርቱንግማ ይባስ! እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ትንንሽ ፈጣን ንድፎቹን በካሬ ከፋፍሎ ነበር ወደ ሸራ የሚያሳድጋቸው። በቅጽበት የወጣች ጭረት ተለክታ ስትገለበጥ አስቢው። በተቃራኒው የሠዓሊው ማሌቪች «ጥቁር ካሬ» የተባለው የ1915 (እ.ኤ.አ.) ሥዕል ልክክ ያለ ካሬ አይደለም፤ ጎኖቹ ከሸራው ጠርዝ ጋር ትይዩ አይሄዱም። ሠዓሊዋ አግነስ ማርቲንም 183 በ183 ሴንቲሜትር ሸራ ላይ በማስመሪያ ታሰምር ነበር፤ ግን ቀረብ ብለሽ ስታዪው እርሳሱ በሸራው ድርና ማግ ላይ ይንቀጠቀጣል። እና ምረጪ የሚሉሽን አትስሚያቸው።

ሦስተኛ ጎን፦
ለአሮጌ እርሳስ ትንሽ ተቃውሞ አለኝ። ሙንጭርጭሩ ሁሌ ይቅደም ካልን እሱም ሕግ ሆነ እኮ! እኔ ኮምፓሱን አስቀምጬ ክቡን በእጄ፣ ዘገም ብዬ አወጣዋለሁ። ሊገጥም ሲል ሳት የሚልበት ቦታ ይጥመኛል። ደግሞ የመሣሪያውን ነገር ማንም አላነሳም። በቀጭን እርሳስ የወጣ ካሬ ወፍራም ከሰልን አይችለውም። ካሬውንም በከሰል ሥሪው፤ ወይ ሁለቱንም በእርሳስ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ከሰሉን አስቀድሜ ሞከርኩት። ካሬው በእርግጥ ከውስጥ የወጣ መሰለ። አሁን ደግሞ ወረቀቱ በሙሉ ግራጫ ሆነብኝ። ነጩን እንዴት ላትርፈው?

አሮጌ እርሳስ፦
ከመጀመርሽ በፊት ነጭ እንዲሆን የምትፈልጊውን ቦታ በሌላ ወረቀት ሸፍኚው። በየመሃሉም እጅሽን ታጠቢ፤ ግማሹ ግራጫ የሚመጣው ከመዳፍሽ ነው።