የካንሰር መድኃኒት ጥምር ሙከራ ጎንደር ላይ ይጀመር ወይስ ይቆይ?

ጠያቂው፦ ሰላም ወገን። እንደ ጡትና አንጀት ባሉ የዕጢ ካንሰሮች ሁለት መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ የሚለካው የመጀመሪያው ሙከራ እኛ ጋ ቢካሄድ ትደግፋላችሁ? እኔ እደግፋለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦ አልደግፍም። ድሃ ገበሬ መሞከሪያ ሊሆን? ለየብቻ የጸደቁ መድኃኒቶች ከሆኑ ደግሞ ምን ያስሞክራል? አብሮ መስጠት ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ኧረ እንደሱ አይደለም ወንድሜ! ቬሙራፌኒብና ኢፒሊሙማብ የተባሉ መድኃኒቶች ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ለየብቻ የጸደቁ ነበሩ። አብረው ሲሞከሩ የታማሚዎቹን ጉበት ጎዱ፤ ሙከራው ቆመ። በፈረንጆቹ 2013 ታትሟል። በጥቂት ሰው የሚጀመረው ለዚህ ነው። የተለመደው መንገድ፣ ሦስት ሰው ዝቅ ባለ ዶዝ ይጀምራል። ማንም ካልተጎዳ ለቀጣዮቹ ሦስት ዶዙ ከፍ ይላል። አንዱ በጽኑ ከተጎዳ በዚያው ዶዝ ሦስት ይጨመራሉ። ሁለት ከተጎዱ ከዚያ በላይ አይኬድም።

የአዘዞ ልጅ፦ ይሁን። ግን ለምን እኛ ላይ?

ጠያቂው፦ ሰውነታችን ስላልተለካ! በፈረንጆቹ 1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። የጡት ካንሰሩን መድኃኒት ታሞክሲፈንን ጉበት ውስጥ ወደ ሥራ የሚያስገባው የዚህ ጂን ኤንዛይም ነው። ፈረንጅ ላይ የተለካ ዶዝ ለእኛም ልክ ነው ያለው ማነው? ደግሞ ጎንደር ለሙከራ አዲስ አይደለችም። ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) እና ኤችአይቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የተባሉ መድኃኒቶች በጥምር የተሞከሩት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና አብደራፊ ነው። ጥምሩ በፈረንጆቹ 2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

ነርሷ፦ እሱስ ያኮራል። ግን የካላዛሩ ታማሚ አልጋ ይዞ ነው የሚታከመው። የካንሰሩ መርፌውን ወስዶ ቤቱ ይገባል። ብዙው ኬሞ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ያሽቆለቁላል። ያኔ ትኩሳት ከመጣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ወዲያው ነው። ሰውየው ግን ደባርቅ ወይ መተማ ነው ያለው። መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ እግዜር ይወቀው! የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱት መድኃኒቶችማ ከወራት በኋላም ሊጎዱ ይችላሉ። ሙከራው ዶዝ ለመጨመር የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 21 ወይም 28 ቀናት ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ሌሊት የጉበት ምርመራ የሚሠራ ላብራቶሪም ጨምሪበት።

የአዘዞ ልጅ፦ እንግዲያው ለታማሚው ከተማ ውስጥ ማደሪያ፣ ለአስታማሚው ቀለብ፣ ለወራት ክትትል በውሉ ይጻፍ። ያኔ እደግፋለሁ። የትራንስፖርት ብር ሰጥቶ መሸኘት ከሆነ ግን አሁንም አልደግፍም።

ጠያቂው፦ ወጪውን ማን ይቻለው?

ነርሷ፦ መድኃኒቱን የሚያስሞክረው ነዋ!