የተመዝጋቢ ብዛት ስለ ኦንላይን ጌም ትርፍ ምን ያህል ይናገራል?

ቁጥር ፈላጊ (ጥያቄ)፦
ስለ ብዙ ተጫዋች ኦንላይን ጌሞች ገቢ ለመረዳት ስሞክር የማልፈታው ነገር ይገጥመኛል። ጌም ሠሪው ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጌሙ 12 ሚሊዮን ተመዝጋቢዎች እንዳሉት በይፋ አስታውቆ ነበር፤ መደበኛው ወርኃዊ ክፍያ ደግሞ 15 ዶላር ገደማ ስለነበረ ሁለቱን ሳባዛ በወር 180 ሚሊዮን ዶላር ይመጣልኛል። ይህ ስሌት ያስኬዳል? የሚያስኬድ ከሆነስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ የነበራቸው ሌሎች ጌሞች በጥቂት ወራት ውስጥ የግዴታ ወርኃዊ ክፍያን የተዉት ለምንድን ነው?

የመዝገብ ሰው፦
ስሌቱ አያስኬድም። ከ12 ሚሊዮኑ መካከል ብዙዎቹ የሚጫወቱት በቻይና ነበር፤ እዚያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ክፍያው የሚፈጸመው በወር ሳይሆን በተጫወቱበት ሰዓት ልክ ነበር። ኩባንያው ቁጥሩን ሲያወጣ እነማንን እንደሚጨምር በመግለጫው ግርጌ ይጽፍ ነበር፤ በዚያ መሠረት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት መጫወቻ ቤት ገብቶ የተጫወተ ሰውም ከተመዝጋቢ ተቆጥሯል። ከዚህም በላይ በቻይና ጌሙን የሚያስተዳድረው ፈቃድ የወሰደ የአገር ውስጥ ኩባንያ ስለነበረ (መጀመሪያ ዘ ናይን፣ ከ2009 ጀምሮ ኔትኢዝ) ብሊዛርድ የሚደርሰው ተጫዋቹ ከከፈለው ላይ ድርሻው ብቻ ነበር። ስለዚህ 180 ሚሊዮኑ ከእውነተኛው ገቢ እጅግ የራቀ ነው።

ቁጥሩ የሚታተምበትን ጊዜ መመልከትም ይጠቅማል። በ2014 መጨረሻ አዲስ ማስፋፊያ (የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) ሲወጣ ተመዝጋቢዎቹ ወደ 10 ሚሊዮን ተመልሰው ነበር፤ በሴፕቴምበር 2015 መጨረሻ ግን 5.5 ሚሊዮን ላይ ወርደው ተገኙ፤ ኩባንያውም ይህን ካስታወቀ በኋላ ከዚያ ወዲህ የተመዝጋቢ ቁጥር እንደማያወጣ ገለጸ። በዚያው ዓመት በ20 ዶላር ተገዝቶ ለሌላ ተጫዋች በጌሙ ውስጥ ባለው ወርቅ የሚሸጥ የአንድ ወር የመጫወቻ ፈቃድ ተጀምሮ ስለነበር፣ ቁጥሩ ገቢን መግለጽ አቁሟል የሚለው ክርክር መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ቁጥሩ እየጨመረ በነበረባቸው ዓመታት ይህን ክርክር ያነሣ አልነበረም።

የድሮ ተጫዋች፦
የጥያቄዎን ሁለተኛ ክፍል እኔ ልሞክር። ጥሩው ምሳሌ በዲሴምበር 2011 የወጣው የስታር ዋርስ ጌም፣ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ነው። የጌሙ አሳታሚ የኤሌክትሮኒክ አርትስ የፋይናንስ ኃላፊ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በ500 ሺህ ተመዝጋቢ ትርፋማ እንደሚሆን፣ ከሚሊዮን በላይ ከሆነ ደግሞ እጅግ ትርፋማ እንደሚሆን ለባለሀብቶች ተናግረው ነበር። በ2012 መጀመሪያ ቁጥሩ 1.7 ሚሊዮን ደረሰ፤ በሜይ 1.3 ሚሊዮን ሆነ፤ በጁላይ ከሚሊዮን በታች ወረደ፤ በኖቬምበር ጌሙ ያለ ወርኃዊ ክፍያ መጫወት እንዲቻል ተደረገ። ልብ ይበሉ፣ ለውጡ በጁላይ መጨረሻ ሲታወጅ ቁጥሩ ከ500 ሺሁ በላይ እንደነበረ ኩባንያው ራሱ ይናገር ነበር። ውሳኔውን ያፋጠነው የቁልቁለቱ ፍጥነት ነው፤ በእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ንግግር ላይ የተዋንያን ድምፅ የሚጠይቅ ጌም አዲስ ታሪክ በጨመረ ቁጥር ትልቅ ወጪ ስላለበት፣ የሚሸሽ ተጫዋችን በአዲስ ይዘት መልሶ ማምጣት ውድ ነው።

በአንጻሩ የጠፈር ጌሙ ኢቭ ኦንላይን ከ2003 ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ 500 ሺህ ተመዝጋቢ መድረሱን ያስታወቀው ገና በ2013 ነበር፤ ያም ቢሆን አንድ ሰው ሁለትና ሦስት መለያ መያዙ በዚያ ጌም የተለመደ በመሆኑ የሰዎቹ ብዛት ከዚያ ያንሳል። ነገር ግን ታሪኩን የሚፈጥሩት በአመዛኙ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በጦርነታቸውና በንግዳቸው ስለሆነ፣ የይዘት ወጪው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። የጌሙ ሠሪ ሲሲፒ በ2018 እስከ 425 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ለደቡብ ኮሪያው ጌም ሠሪ ፐርል አቢስ ተሽጧል።

ቁጥር ፈላጊ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ምንም ወርኃዊ ክፍያ የሌላቸውን ጌሞች በምን እንለካቸዋለን? የዕለት ተጫዋች ብዛት የተመዝጋቢን ቦታ ሊተካ ይችላል?

የመዝገብ ሰው፦
ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም ከተመዝጋቢ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስት ነው፣ ምክንያቱም ከሚጫወቱት ውስጥ አብዛኞቹ ምንም አይከፍሉም። በነጻ የሚወርደው ፎርትናይት በ2018 እና በ2019 በድምሩ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱን ያወቅነው ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ከአፕል ጋር በተካሰሰበት ጊዜ በቀረቡ ሰነዶች ነው፤ ክሱም የተነሣው አፕል በመደብሩ በኩል ከሚፈጸም ክፍያ በሚወስደው 30 በመቶ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ የከፈለውንና ለኩባንያው የቀረለትን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ተጠቃሚዎች የሠሯቸው ጌሞች የሚገኙበት ሮብሎክስ ነው። በ2023 ተጫዋቾች 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለዋል፤ ኩባንያው በገቢነት የመዘገበው 2.8 ቢሊዮን ነው፤ የተጣራ ውጤቱ ደግሞ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ ለብዙ ዕቃዎች የተከፈለው ገንዘብ ከፋዩ በጌሙ ላይ ይቆያል ተብሎ በሚገመተው ጊዜ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በላይ ተከፋፍሎ ስለሚመዘገብ ነው። በዚህም የተነሣ በፍጥነት የሚያድግ ጌም በመዝገብ ላይ ከእጁ ከገባው ገንዘብ የባሰ ሊመስል ይችላል፤ ሽያጩ የቀዘቀዘ ጌም ደግሞ የቀደሙት ዓመታት ክፍያ ገና እየተመዘገበለት ደኅና መስሎ ይታያል። ሮብሎክስም በዚያው ዓመት ያን ያህል ኪሳራ እያስመዘገበ ከሥራው ያገኘው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት (በእጅ የገባው ገንዘብ ከወጣው ሲቀነስ) አዎንታዊ ነበር። እኔ የሩብ ዓመት ሪፖርት ስከፍት የዕለት ተጫዋቹን ብዛት ከማየቴ በፊት የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ሠንጠረዥ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።