ኮሚሽኑን እንቢ ስል ምን ልበል?

ሰላም ወገኖቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምሠራው ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አቅራቢ በየግዢው «የሻይ» እያለ ኮሚሽን ሊሰጠኝ ይፈልጋል። እስካሁን አልተቀበልኩም። ግን የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ሰውየውም አይሰለችም።

ማቴዎስ 4ን ደጋግሜ አነበብኩ። ጌታችን ሦስቱንም ፈተና «ተጽፎአል» እያለ የመለሰው ከዘዳግም 6 እና 8 ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ፈታኙም መዝሙር 91ን (በዳዊታችን 90) ይጠቅሳል! የኔም ሐሳብ ጥቅስ እያመጣ ይሞግተኛል። «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይለኛል። «አሥራት ታወጣበታለህ» ብሎም ያባብለኛል፤ ይቺኛዋስ እኔንም ታስቀኛለች።

1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 እግዚአብሔር ከፈተናው ጋር መውጫውንም እንደሚያደርግ ይናገራል። የኔ መውጫ የትኛው ነው? ሥራ መልቀቅ? ለአለቃዬ መናገር? (የሱንም ንጽሕና እንጃ።) የንስሐ አባቴ «ጹም፣ ጸልይ» ብለውኛል፤ እያደረግኩት ነው። ሰውየው ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ ግን አፌ ይተሳሰራል፤ ፖስታውን ዝም ብዬ እመልስለታለሁ እንጂ። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ያለፋችሁ፣ በዚያች ደቂቃ የትኛውን ቃል ያዛችሁ? ለሰውየውስ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?