ከዱባይ ጓንዡ ሲሄዱ 11 ሰዓት፣ ሲመለሱ 4 ሰዓት?

የሙጋዷ፦
ያ ጀማው፣ ሰላም ናችሁ? ከደሴ ነኝ። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ጨርቅ ሊያይ ቻይና፣ ጓንዡ ሊሄድ ነውና ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሲሄድ 10፡50 ተነስቶ 22፡00 ይገባል ይላል። ሲመለስ ደግሞ ረቡዕ 00፡15 ተነስቶ በዚያው ቀን 04፡30 ዱባይ ነው። ሁለቱም ቀጥታ በረራ ነው። ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው? እማዬ ደግሞ «መቼ ነው የሚደርሰው» እያለች መቀመጫ አሳጥታኛለች።

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ ትኬቱ ልክ ነው። መነሻው በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። ጓንዡ ዱባይን በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ከመሄጃው 4 ቀንሺ፣ መመለሻው ላይ 4 ጨምሪ። ሲሄድ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ሲመለስ 8 ሰዓት ከ15 ይመጣልሻል። አለቀ።

የሐይቅ ልጅ፦
እሺ፣ የአንድ ሰዓቱ ልዩነትስ? መንገዱ ያው አይደል እንዴ? ደግሞ ርቀቱ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ይሄዳል ይባላል፣ ሳካፍለው 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ቦርከና፦
ንፋስ ነው ወንድሜ። እዚያ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ መውረድና ወደ ደሴ መውጣት አንድ ነው? 5,800ው ቀጥታ ሲለካ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን በተፈቀደለት መስመር ስለሚሄድ ይጠማዘዛል። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትም መነሻው በር ለቆ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነው፣ ሜዳ ላይ ተራ የሚጠብቅበት ሁሉ ይታሰባል።

ሸዋ በር፦
ሒሳቡን ተዉትና እኔን ያስፈራኝ ያ 00፡15 ነው። ረቡዕ 00፡15 ማለት በእኛ አባባል ለረቡዕ አጥቢያ፣ በጓንዡ ሰዓት ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ15 ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር ረቡዕ ማታ ይመስለናል። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቢሄድ አውሮፕላኑ ዱባይ ገብቶ ውሏል። በዚህ ስንቱ ነጋዴ ትኬት ተቃጥሎበታል መሰለሽ! ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ይሁን በይው።
ለእማዬ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ሲቀየር (ከዱባይ በ1፣ ከጓንዡ በ5 ሰዓት ወደኋላ ነን)፦ ሲሄድ ጠዋት 3፡50 ይነሳል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይገባል። ሲመለስ ማክሰኞ ምሽት 1፡15 ተነስቶ ከሌሊቱ 9፡30 ዱባይ ነው። ፓስፖርት አስመትቶ ሻንጣ ይዞ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ደግሞ ቻይና ዋትሳፕም ቴሌግራምም ዝግ ነው፣ ዊቻት ከአሁኑ ያውርድ። አለዚያ ድምፁ ሲጠፋ ሰፈሩን ታስነሳዋለች።

የሙጋዷ፦
ኧረ አላህ ይስጥልኝ! ማክሰኞ የሚለውን በትልቁ ጽፌ ላክሁለት። ዊቻቱን ግን ለእማዬ ማን ያስተምርልኝ?