ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉት ጫጩቶች የሥጋ ዶሮ ሆነው ይሆን?

እባካችሁ ዶሮ እርባታ የምታውቁ እርዱኝ። እንቁላል ጣይ ሮድ አይላንድ ሬድ ናቸው ተብለው ከተገዙት 12 ጫጩቶች 7ቱ ሌላ ዝርያ ሳይሆኑ አይቀሩም። ዛሬ 21 ቀናቸው ነው።

አምስቱ እንደተባለው ዝገት የመሰለ ቀይ ቡኒ ናቸው፤ ክብደታቸውም 200 ግራም ገደማ ነው። ሰባቱ ግን ሲመጡ ደማቅ ቢጫ ነበሩ፣ አሁን ነጭ ላባ እያወጡ ነው። እያንዳንዳቸው ወደ 850 ግራም ይመዝናሉ። እግራቸው ወፍራም ነው፣ ሲቆሙም አንፈራጠው ነው። ደረታቸው ላባ ስላልሸፈነው ቀዩ ቆዳ ይታያል። መመገቢያው ሥር ተኝተው ነው የሚበሉት፤ ሰጋቱራውን በአንድ ቀን ያረጥቡታል። ለእኔ ኮርኒሽ ክሮስ የሚባሉት በፍጥነት የሚያድጉ የሥጋ ዶሮዎች ይመስሉኛል።

የሚበሉት 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ነው፤ እስካሁን ቀንም ሌሊትም አይነሳባቸውም። የጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ የጫጩት ኩላሊት ስለሚጎዳ አልሰጠኋቸውም። ከትናንት ጀምሮ አንዱ ግራ እግሩን ያነክሳል፤ እብጠትም ቁስልም የለውም። ክብደቱ ከአጥንቱ ቀድሞ ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ በዚሁ ከቀጠሉ ልባቸውም አይችለውም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ መኖውን ለ12 ሰዓት ላነሳ፣ ውኃውንም እንዲራመዱ ከመኖው ላርቀው አስቤያለሁ። ቀዮቹ ግን እንዳይራቡ በአጥር ልለያቸው? የሚያነክሰውስ በዚህ ይድናል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መኖ ተቆጥቦላቸው ለእንቁላል የደረሱ ኮርኒሽ ክሮስ ያሳደገ ካለ በቀን ስንት ግራም ይሰጥ እንደነበር ይንገረኝ።