ቼክ ኢንጂን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቤት ድረስ ልንዳት?

የሌሊት ሹፌር
ወገኖች፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳጅ ማደያ ቆሜያለሁ። ከ495 ሀይዌይ ስወጣ መኪናዋ በድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረች። የቼክ ኢንጂን መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። ጉልበቷ ሞቷል፣ ነዳጅ ብረግጥም አትሄድም። ከሞተሩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ንጋት ላይ ደንበኛ ዳለስ ኤርፖርት ማድረስ አለብኝ። ቀስ ብዬ ቤት ድረስ ብነዳት ምን ትሆናለች? የአሜሪካ መኪና እንደሆነ ድሮ ቀረ!

ቡና ጠጡ
ሽጣትና ቶዮታ ግዛ። ቀጣይ ጥያቄ?

አቢቹ ሜሪላንድ
የማን ሥሪት ናት? የስንት ዓመት? ስንት ማይል ሄዳለች? ጠንቋይ እኮ አይደለንም ወንድሜ።

ሳሚ 21
ባትሪውን ለ15 ደቂቃ ንቀለው። መልሰህ ስትገጥመው መብራቱ ይጠፋል።

የሌሊት ሹፌር
ትልቋ ኤስዩቪ ናት፣ ቪ8። ኤርፖርት የሚሠራ ሁሉ የሚነዳት፣ ታውቋታላችሁ። 118 ሺህ ማይል ላይ ናት። ባትሪውን ልንቀለው?

ጋሽ ታክሲ
ልጄ፣ የቱን ድሮ ነው የምትለው? በፈረንጅ 1976 ካዲላክ ኤልዶራዶ 8.2 ሊትር ሞተር ተሸክማ የምታወጣው 190 የፈረስ ጉልበት ነበር። ዛሬ ሙስታንግ በ2.3 ሊትር፣ በ4 ሲሊንደር ከ300 በላይ ያወጣል። ያኔ የብዙዎቹ ማይል ቆጣሪ 5 አሃዝ ብቻ ነበረው፤ 100 ሺህ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንተ 118 ሺህ ነድተህ ድሮ ቀረ ትላለህ! እውነተኛ መኪና ካልክ ክራውን ቪክቶሪያ ናት። ዲሲ ታክሲ ስሠራ ከፖሊስ የወጣች ነበረችኝ። ዘይትና ካንዴላ ከቀየርክላት ሌላ አትጠይቅህም። ፎርድ በ2011 ማምረቱን ሲያቆም ለቅሶ መቀመጥ ነበረብን።

ኢንጂነር ነኝ ባይ
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ያኔ የፈረስ ጉልበቱ ከወደቀው ከፊሉ የወረቀት ነው። እስከ 1971 ድረስ ሞተሩ ለብቻው፣ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ ማርሚታ ነበር የሚለካው። ከ1972 ጀምሮ መኪና ላይ እንደሚገጠመው አድርገው ለኩት፣ ቁጥሩ ወረደ። የቀረው የጭስ ሕጉ ነው። ሕጉን በካርቡራተር ሊያሟሉ ሲታገሉ ሞተሩን አነቁት።

የጋራዥ ልጅ
ታሪኩ ይቆየንና፣ አትንዳት! ቼክ ኢንጂን ዝም ብሎ ከበራ ቀጠሮ ይዘህ ትሄዳለህ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩ (ጭሱን የሚያጠራው) ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ ካታሊቲኩም በሙቀት ይበላሻል። እሱን ለመቀየር ደግሞ ዋጋውን ታውቀዋለህ።
ሞተሩን አጥፋ። ትንሽ ቆይተህ ዘይቱን ለካ። ባትሪውን አትንቀል፣ ኮምፒውተሯ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ይጠፋብሃል። ከ1996 ሞዴል ወዲህ እዚህ አገር የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኮዱ የሚነበብበት የኦቢዲ2 መሰኪያ አለው። ስካነር ያለው ሰው ጥራ። ኮዱ ከፒ0301 እስከ ፒ0308 ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ የታመመውን ሲሊንደር ይነግርሃል።

ቡና ጠጡ
ደንበኛህን እኔ አደርስልሃለሁ። ክፍያው ክትፎ፣ ለብለብ።

የሌሊት ሹፌር
ጓደኛዬ ስካነር ይዞ መጣ፣ ፒ0304 ይላል። ዘይቱ የመለኪያውን ዘንግ ጫፍ ብቻ ነው የነካው። ቡና ጠጡ፣ ቀልድህን ካልሆነ በውስጥ ጻፍልኝ።

ሳሚ 21
ባትሪውን ንቀለው እያልኩህ ነው። የእኔ እንዲሁ ነው የዳነችው።

የጋራዥ ልጅ
ሳሚ፣ መብራት ማጥፋትና መኪና ማዳን ይለያያሉ።
ሹፌር፣ ደብተሯ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ገዝተህ ሙላ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የ4ኛውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከጎረቤቱ ጋር አቀያይር። ኮዱን አጥፍታችሁ ቆማ ለአፍታ ብቻ አስነሷት። ችግሩ ከኮይሉ ጋር ወደ ጎረቤቱ ከሄደ እድለኛ ነህ፣ ኮይል ብቻ ትገዛለህ። 4 ላይ ከቀረ ካንዴላውን እይ። እሱም ደህና ሆኖ ጠቅ ጠቁ ካልቆመ ሊፍተሩን፣ ቫልቩን የሚያነሳውን፣ ጠርጥር። ጂኤምም ክራይስለርም ነዳጅ ለመቆጠብ ሀይዌይ ላይ ከ8 ሲሊንደር 4ቱን የሚያስተኛ ቪ8 ሠርተዋል። በብዙዎቹ የሚተኙት 1፣ 4፣ 6 እና 7 ናቸው። ሊፍተሩ ሲሊንደሩን የሚያስተኛው በዘይት ግፊት ስለሆነ ዘይት ሲያንስ ወይም ሲቆሽሽ መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ነው። ሊፍተር ከሆነ በቶው፣ ተጎትታ፣ እንጂ በጎማዋ አትሂድ፤ ሊፍተሩን የሚገፋውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ይበላዋል።

ኢንጂነር ነኝ ባይ
ካዲላክ ይህንኑ በ1981 ሞክሮት ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር አልቻለውም፣ በዓመቱ ከአብዛኛው ሞዴል አወጡት። አሁን ኮምፒውተሩ ቻለ፣ ብረቱ ለገመ።

አቢቹ ሜሪላንድ
የማን እንደሆነች አሁንም አልነገርከንም። ለማንኛውም የሻሲ ቁጥሯን የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባ፣ ሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የጠራት) ካለ በነጻ ይሠራልሃል። ጂኤም በ2025 ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ 6.2 ሊትር ቪ8 መኪኖችን ጠርቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ። ሞተራቸው ተመርምሮ ደህና ለተባሉት የሰጡት መፍትሔ ወፍራም ዘይት ነው፣ 0ደብሊው-20 የነበረው 0ደብሊው-40 ሆነ።

ጋሽ ታክሲ
ይኸው! ውሃ የመሰለ ዘይት ለቪ8! ሰነፍ ሠራተኛ ነው የሚሠራው።

ኢንጂነር ነኝ ባይ
በሠራተኛው አያሳብቡ ጋሼ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት የነበረው የጂኤም ፋብሪካ በጥራት ጉድለትና በሥራ መቅረት ስሙ ጠፍቶ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሠራተኞች ናቸው የተመለሱት። የቶዮታን አሠራር ተምረው ጥራቱ ተመነጠቀ። ችግሩ አለቆቹ ጋ ነበር።

ቡና ጠጡ
ቶዮታ አላልኩም? ሹፌር፣ የውስጥ መልእክትህን እይ። የምሬን ነው፣ በስንት ሰዓት ነው ደንበኛው?

ሄለን ቪኤ
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የ2014 ፎርድ ፎከስ በርካሽ አገኘሁ፣ አውቶማቲክ። ልግዛት?

የጋራዥ ልጅ
እህቴ፣ ማንዋል ብትሆን እሺ እልሽ ነበር። የ2012–2016 ፎከስ አውቶማቲኩ ባለ ሁለት ክላች ካምቢዮ ነው። ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች እየተባለ ፎርድ በቡድን የተከሰሰበት። ርካሽ የሆነችው በዚያ ነው።

ሄለን ቪኤ
ቀይ ናት ግን። በጣም ታምራለች።